ያልተሸጠው በግ፦ የሴፍቲኔት ብር ከየት ይመጣል፣ መንዝ ሲደርስስ ምን ይሠራል?

ጥር ሲብት በመንዝ ተዳፋቶች ላይ ድንጋይ የሚያመላልስ፣ እርከን የሚክብ፣ የተቦረቦረ ማሳ ላይ ክትር የሚሠራ ሰው ይበዛል። ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ ለጠየቀ መልሱ አጭር ነው፦ «ሴፍቲኔት»፤ ድሃ ቤተሰብ ለልማት ሥራ ብር ወይም እህል የሚከፈልበት ፕሮግራም ማለት ነው። ክፍያው በዋናነት ከወረዳው ግብር የሚወጣ አይደለም። ዋሽንግተን፣ ብራስልስ፣ ደብሊን ላይ በጀት ሆኖ ጸድቆ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በክልሉ በኩል አልፎ ነው ቀበሌ የሚደርሰው። በዚህ መንገድ ላይ አንዲት ፊርማ ስትዘገይ ወይም አንድ ድልድይ ሲዘጋ መንዝ ላይ አንድ ቤተሰብ በግ ይሸጣል። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ገንዘቡ ከየት እንደሚነሣ፣ ምን እንዲሠራ እንደታሰበና የት የት እንደሚሰበር ማየት ያስፈልጋል። መንዝ የሚገኝበትን ሰሜን ሸዋ ዞን ስል የአማራ ክልሉን ማለቴ ነው፤ የፍቼው ሰሜን ሸዋ የራሱ ጉዳይ አለው።

ሰው ሁሉንም በጅምላ እርዳታ ይበለው እንጂ ገንዘቡ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው የአስቸኳይ ጊዜ እህል ነው፤ ድርቅ ወይም ጦርነት ሲመጣ በጆንያ የሚገባው። ከአሜሪካ የሚመጣው ስንዴ በአብዛኛው ከራሳቸው ገበሬ የተገዛ ነው፤ በሕጋቸው መሠረትም ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ መጫን አለበት። ስለዚህ ስንዴው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት የካንሳስ ገበሬና የመርከብ ባለቤት ድርሻቸውን ወስደዋል። ይህን የምለው ለጋሹን ለማሳጣት አይደለም። ለጋሽ አገር የሚሰጠው የራሱንም ጥቅም አስልቶ መሆኑን ያላወቀ ሰው ግን እርዳታው አንድ ቀን በድንገት ሲቆም ምክንያቱ አይገባውም።

ሁለተኛው በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል የሚመጣው ነው። ዞናችን ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የአንጾኪያ ሸለቆ የምግብ ማደያ ካምፕ ነበር፤ ወርልድ ቪዥን እዚያ በአደጋ ጊዜ ገብቶ፣ ረሃቡ ካለፈ በኋላም ውሃ ወደ ማውጣት፣ ዛፍ ወደ መትከልና መስኖ ወደ መሥራት ተሸጋገረ። የመርሐቤቴው ታሪክ ደግሞ ለየት ይላል። በግንቦት 1973 ካርልሃይንዝ ቦም የተባለ ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ ለአፍሪካ ረሃብተኞች አያዋጣም ብሎ ተወራረደ። ከዚያ ውርርድ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተወለደ፤ ከዓመታት በኋላ ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታልን ሠራ፣ ሚዳ ወረሞም ድረስ ዘለቀ። የዚህ ዓይነቱ እርዳታ ጥቅሙ አንድ አካባቢ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። ጉዳቱም ያው ነው፤ ድርጅቱ የመረጠው ወረዳ ያገኛል፣ አጎራባቹ ወረዳ ዳር ቆሞ ያያል።

ሦስተኛውና ትልቁ በመንግሥት በኩል የሚያልፈው ነው። እዚህ ላይ ልገሳም አለ፣ ብድርም አለ። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የዓለም ባንክ ክንፍ፣ ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር የሚባለው፣ ለድሃ አገሮች ወለዱ እዚህ ግባ የማይባል፣ መክፈያው ከሠላሳ ዓመት በላይ የተዘረጋ ብድር ይሰጣል፤ አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል ያቅታታል ብሎ ሲሰጋ ደግሞ በብድር ፈንታ ልገሳ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ በመበደር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነች፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተበደረችው ለመንገድ፣ ለልማት ባንክና ለስልክ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ዕዳ ከከበደባቸው ድሃ አገሮች ተርታ ገብታ ብዙው ተሰረዘላት። ሀብታም አገሮች ከዓመታዊ ገቢያቸው ከመቶ 0.7 እጁን ለልማት እርዳታ ለማዋል በተባበሩት መንግሥታት የተስማሙት በ1963 ዓ.ም. ነው። ቃሉን የጠበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ወደ መንዝ እንመለስ።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ አሠራሩ ይህ ነበር፦ ዝናብ ይቀራል፣ መንግሥት ይህን ያህል ሕዝብ ተርቧል ብሎ ያውጃል፣ ለጋሾች ይሰበሰባሉ፣ መርከብ ይጫናል፣ እህሉ ወረዳ ይደርሳል። ከአዋጁ እስከ ጆንያው ወራት ያልፋሉ። በ1995ቱ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ጠባቂ ሆነ። ያኔ ሁሉም ወገን አንድ ነገር አፍጥጦ ታየው፤ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዝናብ በደህና በጣለበትም ዓመት የሚራቡ ናቸው። ችግራቸው አደጋ ሳይሆን ልማድ ሆኗል። በየዓመቱ የሚመጣን ረሃብ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ ነገር ማስተናገድ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ለጋሾች ገንዘባቸውን በአንድ ቋት አዋጡ፤ የዓለም ባንክ፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አየርላንድ፣ ካናዳ፣ ስዊድንና ሌሎችም አሉበት። መነሻው ላይ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበረ፤ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ።

አሠራሩ ሲዘረዘር እንዲህ ነው። ቀበሌው ውስጥ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አለ፤ የቀበሌ አመራር፣ የልማት ሠራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ይቀመጡበታል። ማን ድሃ ነው የሚለውን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ይህም በዓመት ለስድስት ወር፣ ባብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ፣ የጎተራው እህል እየተሟጠጠ በሚሄድበትና ገበሬው ከመኸር እርሻ በፊት እጁ በሚፈታበት ጊዜ። ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኝ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞችና የሚሠራላቸው ሰው የሌላቸው ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል፤ ይህ ቀጥተኛ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡርም ድንጋይ አትሸከምም።

ክፍያው ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ነው። ከቀን ሠራተኛ ዋጋ በታች ስለሆነ፣ ሌላ አማራጭ ያለው ሰው በራሱ ጊዜ እንዲተወው ታስቦ ነው። በወረቀት ላይ ብልህ ሐሳብ ይመስላል። ለተራበ ሰው ግን አነስተኛ ደመወዝ መስጠት ድህነቱን አያሳጥርለትም፣ ያቆየዋል እንጂ የሚል ትችት ከመጀመሪያው ጀምሮ ተነሥቶበታል፤ እኔም ትችቱ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል።

ታዲያ ይህቺ ብር ምን ትሠራለች? መልሱን ገበያ ላይ ነው የምናገኘው። መንዝ ደጋ ነው፤ ገብሱን በበልግም በመኸርም ይዘራል፣ ውርጩ ደግሞ በመጨረሻዋ ሰዓት ያበላሸዋል። ስለዚህ የመንዜ እውነተኛ ጎተራ በጓ ናት። ክፉ ቀን ሲመጣ አንድ ቤተሰብ የሚሸጠው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ዶሮ፣ ከዚያ ጠቦት፣ ከዚያ የወለደችው እናት በግ፣ በመጨረሻ በሬ። ጠቦት ሲሸጥ ቤተሰቡ ገቢ አገኘ ይባላል። እናቲቱ በግ ስትሸጥ የመጪው ዓመት ጠቦትም አብሮ ተሸጠ። በሬ ሲሸጥ ደግሞ ያ ገበሬ ከዚያ በኋላ መሬቱን ለባለ በሬ የእኩል ሰጥቶ የራሱን ማሳ ምርት ግማሹን ይቀበላል። ክፋቱ ድርቅ ሲሆን ሁሉም በአንድ ቀን መሸጡ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ በጉ ይበዛል፣ ገዢ ያንሳል፣ የበግ ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። አንድ በግ ሸጦ ሁለት ወር የሚበላው ቤት፣ በዚያ ሳምንት አንድ በግ ሸጦ ሁለት ሳምንት ቢበላ ነው።

ሴፍቲኔት የገባው እዚህ መሐል ነው። ብሯ በሰዓቱ ከደረሰች እናቲቱ በግ አትሸጥም፤ ሥራዋ በአብዛኛው ይኼው ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ፕሮግራሙን ለዓመታት ተከታትሎ ያገኘውም ከዚህ አይርቅም፤ ክፍያው በመደበኛነት በደረሰበት ቦታ ቤተሰቦች የሚራቡባቸው ወራት አጥረዋል፣ ከብት በጭንቀት መሸጥም ቀንሷል። ክፍያው በተንጓተተበት ቦታ ግን ለውጡ ደብዛዛ ነው። ግንቦት ላይ መድረስ የነበረበት ብር ነሐሴ ላይ ሲመጣ በጓ ቀድማ ሄዳለች። ብሩም ዕዳ መክፈያ ይሆናል።

ስለዚህ የዚህን ፕሮግራም ውጤት የሚለካ ሰው ማየት ያለበት የተገዛውን ሳይሆን ያልተሸጠውን ነው እላለሁ። አስቸጋሪው ነገር ያልተሸጠ በግ በሪፖርት ላይ አይታይም፤ ፎቶ አይነሣም፣ አይመረቅም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። ለጋሽ ደግሞ ለሕዝብ እንደራሴዎቹ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ ፕሮግራሙ ላይ ሌላ ግብ ተጫነ፦ ተጠቃሚው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱን ችሎ ይውጣ፣ ይመረቅ የሚል። የሚመረቀው ሰው ቁጥር ከላይ እንደ ኮታ ሲወርድ ገና በሁለት እግሩ ያልቆመው ሰው ከመዝገብ ተሰረዘ፤ ጥሪቱን የያዘው ሰውም እንዳይሰረዝ በጎቹን ዘመድ ቤት ማሳደር ተማረ። ሁለቱም የሚጠበቁ ናቸው። መሬቱ ከአንድ ሄክታር በታች፣ አፈሩ የታጠበ፣ ልጆቹ አምስት የሆኑ ገበሬ የቀን ሥራ ክፍያ ስለተሰጠው ብቻ ከድህነት ይወጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። እዚያው ዞን ውስጥ ምንጃር ወይም ሞረትና ጅሩ ላይ ጤፍ የሚያመርተውን ገበሬ የለየው ጉብዝናው አይደለም፤ አፈሩና የዝናቡ ጠባይ፣ ከዚያም ለአዲስ አበባ ገበያ ያለው ቅርበት ነው።

አገር አቀፍ ቁጥሩ ግን ተንቀሳቅሷል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። በመንግሥት መለኪያ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 ከመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 ሆነ። ከዚህ ውስጥ የሴፍቲኔት ድርሻ አለበት፤ የመንገዱ፣ የጤና ኤክስቴንሽኑ፣ የማዳበሪያውና የተከታታይ ደህና ዝናቡ ድርሻ ደግሞ ይበልጣል።

በግ ካነሣሁ ዘንድ፣ ፕሮጀክት እንዴት እንደሚከሽፍና እንዴት እንደሚይዝ ከዚሁ ከበጉ የተሻለ ማሳያ የለም። በ1970ዎቹ የመንዝን በግ ለማሻሻል አዋሲ የተባለ ዝርያ ከእስራኤል መጣ፤ ደብረ ብርሃንና አሜድ ጉያ የማባዣ ጣቢያዎች ላይ እየተዳቀለ ለገበሬ እንዲከፋፈል ታሰበ። ዲቃላው ይገዝፋል፤ ግን መኖ ይፈልጋል፣ በቂ አውራ ለሁሉም አይዳረስም፣ በየመሐሉም በጣቢያዎቹ ላይ በሽታ ገብቶ ሥርጭቱን አስተጓጎለው። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ደረቅ አካባቢ ላይ የሚያተኩረው የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ፣ የእንስሳት ምርምር ተቋሙ ኢልሪና የቪየናው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ሄዱ። የውጭ ዝርያ አላመጡም። የየቤቱን ጠቦት ተወልዶ እስከ ስድስት ወሩ እየመዘኑ መዘገቡ። ከዚያ ሚዛን ያሳለፋቸው ጠቦቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው የገበሬዎቹ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ሽማግሌው ላቱን በእጁ ያገላብጣል፣ ቀንዱንና ቀለሙን ያያል፣ አቋሙን ይመዝናል፣ ይህ ይሁን ያ ይቅር ይላል። የተመረጠው አውራ ለጎረቤት በጎች በወል ያገለግላል። ቀድሞ ገበሬው ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ነበር ገበያ የሚያወጣው፤ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነውና። እየቀረ አውራ የሚሆነው የደከመው ነበር። የተለወጠው ዋናው ነገር ይህቺ ልማድ ናት። ወጪው ከአዋሲው ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

አሁን ወደ አለመረጋጋቱ። ድህነትን መቀነስ ሰላም ያመጣል የሚለው ሐሳብ በለጋሾች ሰነድ ሁሉ አለ። ተቃራኒው መንገድ ግን በእኛ በኩል ይበልጥ ይታወቃል፦ ፖለቲካ ሲናጋ እርዳታው ነው መጀመሪያ የሚናጋው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደም ሲፈስ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት ይሰጡ የነበረውን ገንዘብ አቆሙ። ሙሉ በሙሉ ቢያቋርጡ ደግሞ የሚጎዳው የመንዝ አስተማሪና ነርስ ነው። በ1998 ዓ.ም. መላ ተፈጠረ፤ መሠረታዊ አገልግሎቶችን የመጠበቅ ፕሮግራም ተባለ። ገንዘቡ ወረዳ ድረስ ወርዶ ለአስተማሪ፣ ለጤና ሠራተኛና ለግብርና ባለሙያ ደመወዝ እንዲውል ተደረገ። መንግሥትን ቀጣሁ ማለትም፣ ሕዝብን አልጎዳሁም ማለትም ተቻለ። በመጨረሻ ግን ደመወዙን የሚከፍለው ያው የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነበር።

በኋላ ጦርነቱ ራሱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በግጭት ነደደች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ ደብረ ሲና ተጠጋ፤ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ ሸዋ ሮቢትና ራሳ ነፃ ወጡ የተባለው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በበኩሏ ከወለጋ የተፈናቀሉትን በቻይና ካምፕና በባቄሎ አስጠልላ ከተማ ውስጥ ሌላ ከተማ ሆነች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ይህ ለአንድ የልማት ፕሮግራም ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ እንይ። ቀድሞ ገንዘብ ያዡ ብር ተሸክሞ ቀበሌ ይሄድ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ አይሄድም። በብዙ ወረዳ ክፍያው በአብቁተ፣ ማለትም በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ወይም በስልክ እንዲሆን ተደረገ፤ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥና ቅርንጫፍ ሲዘጋ ይኼም ይቆማል። የልማት ሠራተኛው ቀበሌውን ለቆ ወረዳ ከተማ ይቀመጣል። የተጠቃሚ መዝገቡ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር ይቃጠላል፤ ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚያስታውስ ሰነድ የለም። የጤፍና የስኳር ዋጋ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

የጦርነት ጉዳት ለመጠገን የተያዘም አለ፤ የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ ግጭት ለጎዳቸው ክልሎች 300 ሚሊዮን ዶላር ልገሳ አጽድቋል። በአንድ በኩል እየተዋጉ በሌላ በኩል መጠገን ግን ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንባቢው ይፍረደው። አንድ የታዘብኩት ነገር አለ፤ ሠራዊት ያለፈበት ቀበሌ ላይ በግ ይታረዳል፣ ጎተራ ይገለበጣል፣ የጤና ኬላው አልጋ ይወሰዳል። እርከኑ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ለድንጋይ ተሸካሚዋ የምትከፈለው ብር ከምታስገኛቸው ነገሮች ሁሉ ሊዘረፍ የማይችለው ይኼው ነው።

የመጨረሻው ስብራት ከራሱ ከምንጩ ነው። በሰኔ 2015 አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴው ለተራበ ሳይደርስ ለሌላ ውሏል ብለው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ የቀጠለው ከወራት በኋላ ነው። ስንዴውን ያዞሩት ሰዎች እራት አላጡም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የዓለም ገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ፣ የአንዱ ዶላር ዋጋ ግን በወራት ውስጥ በእጥፍ ጨመረ። ለጋሹ በዶላር ለሚሰጠው ብዙ ብር ይገኛል፤ ተጠቃሚው በብር የሚቀበለው ግን ቶሎ ካልተሻሻለ የሚገዛው እህል ይቀንሳል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ብዙ ተጠቃሚ ከጥሬ ብር ይልቅ እህል ይሰጠን ያለው ለዚህ ነበር። ከዚያም በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 2017፣ በዕለቱ ሥልጣን የያዙት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። መጋቢት ሳይወጣ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤት ከሆነው ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 ከመቶው ተሰረዙ ተባለ፤ ሰኔ 24 ቀን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘጋ። እንግሊዝም ከ0.7 ወደ 0.5 ወርዳ፣ ወደ 0.3 እንደምትወርድ አስታውቃለች።

ስለዚህ ቋቱ ሲጎድል ጥያቄው ማን ከመዝገብ ይወጣል የሚለው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የሚወሰነው ዋሽንግተን ላይ ሳይሆን ቀበሌ ላይ ነው። በመመሪያው መሠረት የተመረጡት ሰዎች ስም በአደባባይ ሊነበብ ወይም ሊለጠፍ ይገባዋል። ያላግባብ ቀረሁ የሚል ሰው አቤት የሚልበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አለ፤ መራጮቹ ግብረ ኃይል አባላት እዚያ ላይ ዳኛ ሆነው መቀመጥ የለባቸውም። ቀበሌው ካልሰማ ወደ ወረዳው ምግብ ዋስትና ይኬዳል። አቤቱታው በቃል ቢሆንም እንዲመዘገብ መጠየቅ፣ ቀኑንና የተቀበለውን ሰው ስም መያዝ፣ የሥራ ቀናትን በራስ ደብተር ላይ ማስፈር ይጠቅማል። ማንበብ የማይችል በልጁ ያስጽፍ። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከለሰው ሥራው ጥር ላይ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ አቤት ማለትም ያኔ ነው፤ ሥራው ከተጀመረ ወዲያ ለሚመጣ ሰው «ኮታው ሞልቷል» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።